ከአጥሩ ሥር አንድ ስንዝር

በእኛ ቤት የሰው ሥራ አይነቀፍም። አባቴ አጥር ሠሪ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ቋሚ ሲተክልና ሽቦ ሲወጥር የኖረ። ከሥሩ ያለፈ ሠራተኛ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ደንብ አለው። ባልደረባህ ያበላሸውን ካየህ አፍህን ዘግተህ እጅህን ዘርጋ ይላል። ጠማማ ቋሚ ካየህ አቃናው፤ የላላ ሽቦ ካየህ አጥብቀው፤ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ መንገድህን ቀጥል። ሰውየው ነገ መጥቶ ሲያየው ራሱ ይገባዋል፤ ባይገባውም ሥራው ተስተካክሏል። «ዝም አይነቅዝም» ማለት ይወዳል፤ ይህቺን ተረት ከሱ ያልሰማ ደንበኛ የለንም። እኔም በዚሁ ነው ያደግኩት። ልጅ ሆኜ አጣምሜ የተውኩትን ሽቦ ጠዋት ስነሳ ቀጥ ብሎ አገኘው ነበር። ማን እንዳቃናው አይነገረኝም፣ እኔም አልጠይቅም። ጨዋነት ማለት ይህ ይመስለኝ ነበር። አሁን ተረቷን ስሰማ ቆሽቴ ያርራል።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ ናት። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ኮረብታ ግርጌ፣ ኩሬው አጠገብ፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ከልብስ ስፌት መኪናዋ ጋር ትኖራለች። ኮረብታው ድሮ የማንም አልነበረም፤ ወይም የሁሉም ነበር። አጋም የወረሰው፣ ሣሩ ጉልበት የሚደርስ፣ ጠዋት ጠዋት ቆቅ የሚጮህበት። ኤሊዎችም ነበሩበት። በበጋ ወደ ኩሬው እርጥበት ይወርዳሉ፤ ዝናቡ ሲጀምር ደግሞ ላይኛው ተዳፋት ላይ ባለው ሞቃት አፈር እንቁላላቸውን ሊጥሉ ይወጣሉ። ሲወርዱ አጋም ይበላሉ፤ ፍሬውን በየሄዱበት ይጥሉታል። አክስቴ እንደምትለው ኤሊ ያልበላችው አጋም ሰነፍ ነው፣ ቶሎ አይበቅልም። ከኩሬው እስከ ኮረብታው ጫፍ የአጋሙ ቁጥቋጦ እንደ መንገድ ተሰልፎ የቆመው በእነሱ እግር ነው።

ከሁሉም ትልቋን «እመት ዝግታ» ብላ ነው የምትጠራት። የጀርባዋ ድንጋይ ጠርዙ ላይ ስለተሸረፈ ከሩቅም ትለያለች። ዕድሜዋን ማንም አያውቅም፤ አክስቴ ወደዚያ ቤት ስትገባ ቀድማ ነበረች፣ ስለዚህ እንግዳዋ አክስቴ ናት። «ከጎረቤቶቼ ሁሉ እሷን እመርጣለሁ» ትል ነበር፤ «ወሬ አታመላልስ፣ ዕቃ አትበደር፣ መጣሁ ካለች ትመጣለች።» በየዓመቱ በዝናቡ መጀመሪያ እመት ዝግታ በበሯ ፊት ለፊት ታልፋለች፤ አክስቴም ስፌቷን አቁማ ደጅ ወጥታ ትሸኛታለች። ልጅ ሳለሁ እኔም አብሬያት ቆሜ ሸኝቻለሁ። ለመሸኘት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እመት ዝግታ ከዓይን እስክትጠፋ ሻይ አፍልቶ ጠጥቶ መጨረስ ይቻላል።

ከዚያ ኮረብታው ተሸጠ። ገዢዎቹ ከከተማ የመጡ ተፈጥሮ ወዳዶች ናቸው፤ ተፈጥሮን ከመውደዳቸው የተነሳ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ሊይዟት ፈለጉ። ቤቶቹ ብዙ አይደሉም። ሁሉም ተሰብስበው አንድ ጥግ ላይ ቢሠሩ ኮረብታው መሸጡን ሳያውቅ ይኖር ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱ ቤት በሰፊ መሬት መሃል ተተከለ፤ በዙሪያው አጥር፣ በአጥሩ ላይ መብራት፣ በግቢው ውሻ፣ አጋሙ ተነቅሎ ከሌላ አገር የመጣ ሣር። ለዓይን ሲያዩት አረንጓዴ ነው። ቆቋ ግን በዚያ ሣር ውስጥ መደበቂያ አታገኝም፣ ንቧም የምትቀስመው የላትም።

የሸጠው ድርጅት የውሃ ቧንቧውን በአክስቴ መሬት ላይ ማሳለፍ ነበረበት። እሷም ይህን ስታውቅ ጉልበት አገኘች። መጀመሪያ የጠየቀችው ቤቶቹ ተሰብስበው እንዲሠሩ ነበር። የድርጅቱ ሰው ሳቀ፤ «እናቴ፣ ይሄ ሕዝብ የሚገዛው እኮ የጎረቤቱን ግድግዳ ላለማየት ነው» አላት። ተከራክራ ተከራክራ በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ አገኘች። የሁሉም ሰው አጥር ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ይወጠራል፤ አጥሩንም የምትሠራው የወንድሟ ልጅ ናት፣ ማለትም እኔ። በስንዝሩ ሥር እመት ዝግታም ሆነች ልጆቿ ማለፍ ይችላሉ።

ያኔ አባቴ ሥራ አቁሞ ነበር። ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሮ መዶሻ መያዝ ስላስቸገረው፣ የሥራ ቤቱን ቁልፍ ለእኔ ሰጥቶ «ከዛሬ ጀምሮ አለቃዬ ነሽ» አለኝ። ሲቀልድ አለቃ ይለኛል፤ ሲከፋው ግን ቀኑን ሙሉ ከሬዲዮው ጋር ይቀመጣል። አክስቴ የስንዝሩን ነገር እንዳልነግረው ለመነችኝ። ለአባቴ አጥር ማለት ከመሬት ጋር የተጋባ ነው፤ ሽቦው ከተወጠረ በኋላ ከሥሩ የድንጋይ ግርጌ ይደረደርና በሲሚንቶ ይያያዛል፣ ጉንዳን ካልሆነ ምንም አያልፍም። ክፍተት መኖሩን ከሰማ ሥራውን ያስቆመናል ብላ ፈራች። ሁሉም ካለቀ በኋላ እኔው ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ አለችኝ። እህትና ወንድም ናቸው፣ ይተዋወቃሉ፣ እኔ ምን አገባኝ ብዬ ዝም አልኩ።

አጥሩን ጨርሰን ለሌላ ሥራ ወደ ሩቅ ከተማ ሄድኩ። የአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ነበር፤ በጋውን እዚያው ጨረስኩት። ሰማዩ መዳመን በጀመረበት ሰሞን አክስቴ ደወለች። «ነይ» አለችኝና ዘጋችው።

ከአውቶቡስ ወርጄ በቀጥታ ወደ ኮረብታው ሄድኩ። አክስቴ ከአዲሶቹ ነዋሪዎች አንዷ በሆነች የጥርስ ሐኪም አጥር አጠገብ ቆማለች። ሐኪሟ ከሁሉም ቀድማ የገባች፣ ሰው አክባሪ ሴት ናት። ከሽቦው ሥር የነበረው ስንዝር የለም። በቦታው የድንጋይ ግርጌ ተደርድሯል፤ እያንዳንዱ ድንጋይ ከጎረቤቱ ጋር ተመካክሮ የተቀመጠ ይመስል፣ መጋጠሚያው በአውራ ጣት ተዳብሶ የለሰለሰ። በአገሩ ውስጥ መጋጠሚያን በአውራ ጣት የሚዳብስ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። አክስቴም የማንን ጣት እንዳየች መናገር አላስፈለጋትም። በጋውን ስፌት በዝቶባት ወደ አጥሮቹ አልወጣችም፤ ለአባቴም ገና አልነገረችውም ነበር።

የጥርስ ሐኪሟ እኔን ስታይ ደስ ብሏት ወጣች። አባትዎ እንዴት ያለ ሰው ናቸው አለችኝ። በጋውን ሙሉ የእጅ ጋሪ እየገፉ ሲመጡ፣ ተንበርክከው ሲሠሩ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ እንኳ በስንት ልመና ነው የተቀበሉን፤ ልጄ ቸኩላ ያስቀረችውን ልጨርስላት ነው እንጂ ሌላ ምንም አይደለም አሉን፤ አሁንማ እባብም አይገባም። ከሷ ቀጥሎ ያለውንም፣ ከዚያ በላይ ያለውንም፣ በኤሊዎቹ መንገድ ላይ ያለውን አጥር ሁሉ እንደዚያ ጨርሶታል። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል፤ አባቴ በእግሩ ሲንሸራሸር ሥራዬን አይቶ፣ ጎደሎ መስሎት፣ ስሜ እንዳይጠፋ ብሎ፣ በሚንቀጠቀጥ እጁ ድንጋይ ተሸክሞ ሞላልኝ። ለኔም ትንፍሽ አላለም። ደንቡ ነዋ። በዚያች ደቂቃ አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ ማልቀስም፣ ግርጌውን በርግጫ ማፍረስም አማረኝ።

ከግርጌው ሥር ያለው ሣር ግን ተረግጦ አልቋል። ከጥግ እስከ ጥግ ቀጭን መንገድ ወጥቶበታል። ኤሊ መንገዷን አትቀይርም፤ ሲዘጋባት ቀዳዳ እየፈለገች በግድግዳው ጥግ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ ደግሞ ትሄዳለች። ጥጉ ላይ ሁለት ትንንሾች ጉንዳን ሰፍሮባቸው ደርቀዋል። እመት ዝግታ ገና በሕይወት ነበረች፤ ጀርባችንን ሰጥታን በዚያው መንገድ ላይ ትጓዝ ነበር። አክስቴ አንስታ ብታሻግራት ከዚህኛው በኋላ ሌላ አጥር አለ፣ ከዚያም በኋላ ሌላ፣ በየግቢው ደግሞ ውሻ። አንድ ጊዜ ሞክራው ነበር፤ ውሻ ሲያንከባልላት ደርሳ አስጥላ መልሳ አመጣቻት።

ለጥርስ ሐኪሟ ነገሩን ስንነግራት አለማወቋ አሳፈራት፣ መዶሻም አምጥታ ሰጠችን። ሌሎቹም ቤታቸው የነበሩት ፈቀዱልን። አባቴ እጁን ሊታይ ሆስፒታል የሚሄድበትን ቀን ጠብቀን፣ እኔና አክስቴ መሮና መዶሻ ይዘን ግርጌውን እዚህም እዚያም ከፈትን፤ ቀኑ ስላልበቃን ግን እመት ዝግታን የሚያሳልፍ ቀዳዳ ገና አልወጣንም። ለአባቴ አልነገርነውም። እንደሱ ዝም ብለን አረምነው።

በሚቀጥለው ሳምንት አክስቴ ልትጠይቀን መጥታ ሦስታችን ምሳ ቀርበን ሳለ አባቴ መብላት ተወ። ቀኝ እጁን ገበታው ላይ ዘርግቶ የሰው ዕቃ እንደሚያይ ያየው ነበር።

«እጄ ከዳኝ» አለ። «እላይ የሠራሁት ግርጌ እየፈረሰ ነው። ዛሬ ሄጄ አየሁት። በዕድሜዬ የሠራሁት ፈርሶ አያውቅም።»

እኔ አፌን ስከፍት አክስቴ ከገበታው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። እሱ አንጀቷን በልቷት ነው፤ የመጣላትን ተናገረች። የዛሬ ሲሚንቶ ምን ሲሚንቶ ነው፣ ጥፋቱ የዕቃው ነው እንጂ ያንተ እጅ ምን ወጣለት አለችው። አባቴ ይህን ሲሰማ ትንሽ ተጽናና። ሲሚንቶው ደካማ ከሆነ በእጥፍ ማድረግ ነዋ አለና ምሳውን ጨረሰ። አክስቴ የተናገረችው ገብቷት ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን።

ልሸኛት ስወጣ በመንገድ ላይ ተጨቃጨቅን። እንንገረው አልኳት። አልፈልግም አለች። እመት ዝግታ ትሞታለች አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «እናታችን ስትሞት እኔ ታላቋ ሆኜ ሳለ ያሳደገኝ እሱ ነው። ገና ጢም ሳያወጣ በዚያ እጁ ድንጋይ እየተሸከመ። ለኤሊ ብዬ የወንድሜን ቅስም አልሰብርም። ሆድ ይፍጀው።»

ይህን ስትል ታለቅስ ነበር። በዚህ ምድር ላይ እነዚያን ኤሊዎች ከሷ የበለጠ የወደደ ሰው የለም፤ እሷ ናት የተወቻቸው። እኔም እሺ አልኳት።

አክስቴ ሐኪሟንና ጎረቤቶቿን ዝም እንዲሉ ለመነቻቸው፤ አባቴም በእጥፍ ሲሚንቶ ደግሞ ሠራው። እኔ እሺ ብልም አላስችል ብሎኝ በማግስቱ መሮ ይዤ ስሄድ ግርጌው እንደ ብረት ሆኖ ጠበቀኝ፤ መሮው ይነጥራል እንጂ አይገባም። ከዚያ የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ ጣለ፤ ተከትሎም ጠራራ ፀሐይ ወጣ።

አክስቴ በዚያ ጠራራ ነው ያገኘቻት። እመት ዝግታ ከግርጌው ሥር በጀርባዋ ተገልብጣ ነበር። ሲሚንቶው ላይ የጥፍሯ ጭረት አለ፤ ብዙ ቦታ፣ አንዱ ከአንዱ አጠገብ። ልትወጣው ስትሞክር ቆይታ መጨረሻ ላይ ተገልብጣ፣ ፀሐዩ ጨርሷታል። ከዚያ በፊት ደግሞ መሬቱን ቆፍራ ነበር። እንቁላሏን እዚያው ልትጥል ፈልጋ ይሆናል፤ ከአፈሩ የወጣው ግን የሲሚንቶ ፍርፋሪ ብቻ ነበር። አክስቴ ነጠላዋን አልብሳት አጠገቧ መሬት ላይ ተቀምጣ ደረስኩባት። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከዚያ ተነስቼ ወደ ቤት ሄድኩ፤ ቤት እስክደርስ ድረስ ጮክ ብዬ አለቀስኩ፣ የሚያየኝ ሰው ምን እንደሚል ግድ አልነበረኝም።

አባቴ በሥራ ቤቱ ወንበር ላይ ሬዲዮ ይሰማ ነበር። ሬዲዮውን ዘጋሁት።

«አባዬ፣ ያ ክፍተት ስህተት አልነበረም።»

«የቱ ክፍተት?»

«ከሽቦው ሥር የነበረው። ሆን ብዬ ነው የተውኩት። የአክስቴ ኤሊዎች እንዲያልፉበት።»

ከወንበሩ ቀና አለ።

«ግርጌውንስ ማን አፈረሰው?»

«እኔና አክስቴ።»

መጀመሪያ ፊቱ ፈካ። ይህን እስክሞት አልረሳውም። ቀኝ እጁን አንስቶ አገላብጦ አየው፤ እጄ ደህና ነው ማለት ነው አለ፣ ለራሱ ነው የሚያወራው። ከዚያ ቀስ በቀስ ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። ዕድሜውን ሙሉ አጥር የሠራ ሰው ነው፤ አንድ ነገር ሲዘጋ ከወዲያ ማዶ ምን እንደሚቀር ያውቃል።

«ኤሊዎቹስ?»

ነገርኩት። ስለ ትንንሾቹም፣ ስለ እመት ዝግታም፣ ስለ ጥፍሯ ጭረትም። አንዴ ከጀመርኩ ማቆም አቃተኝ። ስጨርስ ጉልበቱን ይዞ ጎንበስ አለ።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» አለ።

«አንተ እኮ ነህ ያስተማርከን፣ አባዬ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። መልሼ ልውጠው ብፈልግም አልቻልኩም። አባቴ አልተቆጣም። ተነስቶ መሮና መዶሻውን ከመስቀያው አወረደ። ከኋላው ተከትዬው ሄድኩ።

አክስቴ አሁንም እዚያው ነበረች። ስታየው ደንግጣ ልትነሳ ሞከረች። እሱ ግን አጠገቧ ተንበረከከና ነጠላውን ገለጠው። እመት ዝግታን በእግሯ አቆማት፣ መንገድ ላይ እንዳለች አድርጎ። ከዚያ ቀኝ እጁን ዘርግቶ ከመሬት እስከ ጀርባዋ ጫፍ በስንዝር ለካት። እጁ ይንቀጠቀጣል። ትንሿ ጣቱ መሬት ነካች፣ አውራ ጣቱ ጀርባዋ ጫፍ ላይ ደረሰ፤ ስንዝሩ ልክ ነበር። «ታልፍ ነበር» አለ። «እትዬ፣ ታልፍ ነበር እኮ።» አክስቴ አንገቱን አቅፋ ከልጅነቱ ጀምሮ የምትጠራውን የቁልምጫ ስሙን እየጠራች አለቀሰች።

ያን ግርጌ ለማፍረስ ዝናቡን ሙሉ ፈጀበት። ላግዝህ ብለው እምቢ አለ፤ በመጨረሻ ሐኪሟ ራሷ መሮ ይዛ አጠገቡ ስትንበረከክ እሷን መከልከል አፈረና ሁላችንም ገባንበት። እመት ዝግታን አክስቴ በር ፊት ለፊት፣ በምትሸኝበት ቦታ ቀበርናት። ክፍተቱ ሁሉ ተከፈተ። ኩሬው ዳር ግን ኤሊ አልነበረም። የቀሩ ካሉ ብላ አክስቴ በየጠዋቱ ሣሩን እየገለጠች ፈለገች። ላይኛው ተዳፋት ላይም በዚያ ዓመት አንድ የአጋም ቡቃያ አልታየም፤ ያረጁት ቁጥቋጦዎች ፍሬያቸውን ከሥራቸው አራግፈው እዚያው በሰበሰ። አባቴ ማታ ከሥራ ስመለስ «ያየሽው ነገር አለ?» ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። የለም እለዋለሁ። ልዋሸው አስቤ አውቃለሁ፤ ግን በቤታችን ከዚያ በኋላ መዋሸትም ዝም ማለትም ቀርቷል። ዝምም ለካ ይነቅዛል።

ዘንድሮ ኮረብታው ጫፍ ላይ አዲስ ቤት ተሠራ፤ እሱም እንደሌሎቹ ለብቻው፣ በሰፊ መሬት መሃል። አጥሩን እኛው ያዝነው። ሽቦውን ወጥሬ ስጨርስ አባቴ በዱላው እየተረዳ ዳገቱን ወጣ። ሠራተኞቹ ሁሉ ቆመው ነበር። በአጥሩ ዙሪያ ቀስ ብሎ ሄደ፤ አንድ ቋሚ ጋ ሲደርስ ተንበረከከ፣ ቀኝ እጁን ከሽቦው ሥር አስገብቶ ዘረጋ፣ እስኪረጋለት ድረስ ጠበቀው።

«አለቃ» አለኝ፣ ሁሉም እየሰማ፤ «እዚህ ጋ አበላሽተሻል። ስንዝር አልሞላም።»

በሕይወቴ ሙሉ ሥራዬን ሲነቅፍ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። እሺ አባዬ አልኩት። ዶማ አንስቼ ከሽቦው ሥር ያለውን አፈር ቆፈርኩ፤ እሱም እጁን እየዘረጋ ለካልኝ፣ ገና ነው እያለ፣ ትንሽ ጨምሪ እያለ፣ ስንዝሩ እስኪሞላ ድረስ። ከዚያ ወዲህ ዝናቡ መጥቶ ሄዷል። ከሥሩ ያለው ሣር ሙሉ ነው፤ የረገጠው የለም።